የአጥንት መቅኔ እብጠት እና የመገጣጠሚያ ጤና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ጉልበቱን፣ ዳሌውን ወይም ቁርጭምጭሚቱን ታሞ ኤምአርአይ የተነሳ ሰው ውጤቱን ይዞ ሲመጣ ጭንቀቱ ፊቱ ላይ ይነበባል። ወረቀቱ ላይ የአጥንት መቅኔ እብጠት አለ ተብሎ ተጽፏል። ሐኪሙን በደንብ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረም፤ ወረፋው ረጅም ነው። ጎረቤት ደግሞ «መቅኔ ከተነካማ አለቀ» ብሎ አስፈራርቶታል። እናም ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚመጡትን እዚህ ሰብስቤ በምችለው ቋንቋ መልሻለሁ። ጽሑፉ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ግን ምን እንደምትጠይቁ ታውቃላችሁ።

የአጥንት መቅኔ እብጠት ምንድን ነው?

አጥንት ከውጭ ሲያዩት ድፍን ይመስላል። ውስጡ ሌላ ነው። በተለይ መገጣጠሚያ አጠገብ ያለው የአጥንት ጫፍ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ቀዳዳዎቹን የሚሞላው መቅኔ ነው። መቅኔ ሁለት ዓይነት አለው። ቀዩ ደም ያመርታል፤ ቢጫው በአብዛኛው ስብ ነው። ልጅ ሳለን አብዛኛው መቅኔያችን ቀይ ነው። ስናድግ የእጅና የእግራችን ወደ ቢጫ ይቀየራል፤ ቀዩ በዋናነት ዳሌ፣ አከርካሪና ደረት አጥንት ላይ ይቀራል።

አጥንቱ ሲመታ፣ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት፣ በሕመም ሲቆጣ ወይም የደም ዝውውሩ ሲታወክ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል። አጥንት ደግሞ እንደ ቆዳ አይለጠጥም። ፈሳሹ መሄጃ ሲያጣ ውስጥ ለውስጥ ግፊት ይፈጥራል። ሕመሙ ጥልቅ የሚሆነው፣ የሚጠዘጥዘው፣ እግር መሬት ሲረግጥ የሚብሰው ለዚህ ነው። አንዳንዴ ሌሊትም ይቀሰቅሳል። ከውጭ ግን ምንም ያበጠ ነገር ላይታይ ይችላል። ቤተሰብ «ምንም የለህም እኮ!» የሚለው ይህን ስለማያይ ነው።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ፦ እብጠቱ የሚናገረው አጥንቱ ውስጥ ችግር መኖሩን ነው። የችግሩን ምክንያት አይናገርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «እብጠቱን ምን ያጠፋልኛል?» ሳይሆን «ምን አመጣው?» መሆን አለበት።

ራጅ ተነስቼ «ምንም የለም» ተብዬ ነበር። ታዲያ ኤምአርአዩ ከየት አመጣው?

ሁለቱም ልክ ናቸው። ራጅ የሚያሳየው ጠጣሩን አጥንት ነው፤ መቅኔ ውስጥ ያለ ፈሳሽ አይታየውም። ኤምአርአይ ግን ውሃን የማየት ችሎታ አለው። የስቡን ምስል አደብዝዞ ፈሳሹን የሚያጎላ የአነሳስ ዘዴ አለ፤ በዚያ ላይ የታመመው ቦታ ነጭ ሆኖ ይበራል። ሐኪሞች ይህን ችግር በስሙ መጥራት የጀመሩትም ኤምአርአይ ከመጣ በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988።

ራጁ ግን በከንቱ የወጣ ገንዘብ አይደለም። ስብራትን፣ የመገጣጠሚያ መጥበብን፣ አንዳንድ ዕጢዎችን ያሳያል። ጉልበቱን ያመመው ሁሉ ኤምአርአይ ይነሳ የሚል እምነትም የለኝም። ውድ ምርመራ ነው። ደግሞም ምንም የማያማቸው፣ ብዙ የሚሮጡ ስፖርተኞች ላይ እንኳ መጠነኛ የመቅኔ እብጠት ይታያል። ወረቀቱ ብቻውን በሽተኛ አያደርግም። ከሕመሙና ከምርመራው ጋር ተገናዝቦ ነው የሚነበበው።

ከምን ይመጣል?

ወጣቶች ላይ ብዙ ጊዜ የማየው ከኳስ ሜዳ የሚመጣውን ነው። እግሩ መሬት ላይ ተተክሎ ሳለ ሰውነቱ ይዞራል፤ ጉልበቱ «ቋ» ይላል፤ በሰዓታት ውስጥ ያብጣል። የጉልበቱ የፊት ማሰሪያ ጅማት ሲበጠስ የጭኑና የቅልጥሙ አጥንት ይጋጫሉ። አጥንቱ ሳይሰበር ውስጡ ይቀጠቀጣል። ከባጃጅ ወይም ከሞተር የወደቀ ሰውም እንዲሁ። እንዲህ ያለው እብጠት ራሱ ይድናል፤ ዋናው ጉዳይ አብሮ የተጎዳው ጅማት ነው።

ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ላይ ዋናው ምክንያት የመገጣጠሚያ መበላት፣ ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ የሚሉት ነው። የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳው ካርቲሌጅ ሲሳሳ ጫናው በቀጥታ አጥንቱ ላይ ያርፋል። ጉልበታቸው ለዓመታት ትንሽ ትንሽ ሲያማቸው ቆይቶ በድንገት የባሰባቸው እናቶች ኤምአርአይ ሲነሱ ብዙ ጊዜ እብጠቱ ይገኛል። አጥንታቸው የሳሳ ከሆነ ደግሞ ሳይወድቁ፣ ሳይመቱ፣ ከካርቲሌጁ ስር ቀጭን ስንጥቅ ሊፈጠር ይችላል። ልምምድ በአንድ ጊዜ የጨመረ ሯጭ ላይም ተመሳሳይ የድካም ስንጥቅ ይከሰታል።

ከዚያ የቁጣ ሕመሞች አሉ፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃባቸው ማለት ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ጠዋት ጣቶችን አስሮ ያስነሳል። ወገብና መቀመጫን የሚይዘው አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይትስ ደግሞ በተለይ ወጣቶችን ያጠቃል፤ ሲያርፉ ይብሳል፣ ሲንቀሳቀሱ ይሻላል። እነዚህ የራሳቸው መድኃኒት ስላላቸው ቶሎ መታወቃቸው ትልቅ ነገር ነው።

እኛ አገር ፈጽሞ መረሳት የሌለባቸው ደግሞ ኢንፌክሽኖች ናቸው። የአከርካሪ ቲቢ ለሳምንታትና ለወራት የጀርባ ሕመም መስሎ ይቆያል። ማታ ማታ ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ ትኩሳት ካለ ሐኪማችሁን ስለ ቲቢ ጠይቁት። ሳል የግድ አይደለም። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ ረጅም ነው፣ ግን ያድናል። ጥሬ ወተት የሚጠጡና ከከብት ጋር የሚውሉ ሰዎች ላይ ብሩሴሎሲስ ወገብና መቀመጫ አጥንት ላይ ይወጣል፤ ትኩሳቱ ይሄዳል ይመጣል።

ሌላው የአጥንት መሞት ነው። የዳሌው አጥንት ራስ ደም ሲያጥረው ቀስ በቀስ ይሞታል፤ መጀመሪያ ላይ የሚታየው ይኸው እብጠት ሊሆን ይችላል። ዋነኞቹ መንስኤዎች የዳሌ ስብራት፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ (እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ መድኃኒት) እና ብዙ አልኮል ናቸው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ሳያመው ሲያብጥና ሲሞቅም ነገሩ ከአጥንት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሳምንት ሳይሆን በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ካንሰር ነው ማለት ነው?

ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀኝ። መልሴ፦ አብዛኛው የመቅኔ እብጠት ካንሰር አይደለም። ከአደጋ፣ ከጫና ወይም ከመገጣጠሚያ መበላት የመጣ ነው። የደም ካንሰር ከመቅኔ ስለሚነሳ ሰው ሁለቱን ያገናኛል። ሆኖም ጉልበት ላይ በአንድ ቦታ ያለ እብጠት ማለት የደም ካንሰር ማለት አይደለም።

ዕጢ ዙሪያውን እንዲህ ያለ እብጠት ሊፈጥር ግን ይችላል። ምስሉን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ከዚህ በፊት ካንሰር ታክማችሁ ከሆነ፣ ያለ ምክንያት እየከሳችሁ ከሆነ፣ ሕመሙ ስታርፉም ሌሊትም የማይለቅና እየባሰ የሚሄድ ከሆነ ይህን ሳትደብቁ ተናገሩ። ሐኪሙ ተጨማሪ ምርመራ ካዘዘም አጥብቆ እየፈለገላችሁ ነው፤ ክፉ ነገር አገኘ ማለት አይደለም።

ወጌሻ ጋር ሄጄ ብታሽስ?

አሁን አይሆንም። ይህን የምለው ወጌሻን ንቄ አይደለም። ሰፈር ውስጥ ከሐኪም ቀድሞ የሚደረስበት ወጌሻ ነው፤ ሰው ያምነዋል፤ ብዙዎቹም በቅን ልቦና ነው የሚሠሩት። ነገር ግን ውስጡ የተቀጠቀጠ አጥንት ሲታሽና ሲጎተት አይጠቀምም። ቀጭን ስንጥቅ ካለ ሊሰፋ ይችላል። ኢንፌክሽን ወይም ዕጢ ካለ መታሸቱ ይጎዳል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጊዜ ያባክናል።

በተለይ የምፈራው ማሰሩን ነው። ቀርከሃ ተደርጎ ጥብቅ ብሎ የታሰረ እግር ደም ያጣል። ከታሰረ በኋላ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ መቋቋም የማይቻል ከሆነ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፤ ከዚያ ሆስፒታል። «ነገ ወጌሻው ይምጣና ይፍታው» አይባልም። እግር የሚቆረጠው በእንዲህ ያለው አንድ ሌሊት ነው።

ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

ሰው መስማት ከሚፈልገው በላይ። ከአደጋ የመጣ ቅጥቀጣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንት እስከ ጥቂት ወር ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ዓመት ይጠጋል። ዳሌ ላይ በድንገት የሚነሳና በራሱ የሚጠፋ ጊዜያዊ የአጥንት መሳሳት የሚባል ዓይነት አለ። ከ6 እስከ 12 ወር ሊቆይ ይችላል። ከመገጣጠሚያ መበላት ጋር የመጣው ደግሞ ይመጣል ይሄዳል፤ ጫናው ሲቀንስ ይቀንሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሳምንት ላይ ነው። ሕመሙ ሻል ይለዋል፤ ክራንቹን ጥግ ያስደግፍና ወደ ሥራው ይሮጣል። አጥንቱ ግን ገና አልጠነከረም። ሕመም ቀድሞ ይሄዳል፣ አጥንት ዘግይቶ ይደርሳል። መጨመር ያለባችሁ በትንሽ በትንሹ ነው።

ክራንች ወይም ከዘራ የግድ ነው? እንዴት ነው የሚያዘው?

ሐኪሙ «እግርህን አትጫነው» ካለ የግድ ነው። ለዚህ ችግር ከሚደረጉት ነገሮች ሁሉ ትልቁ ጫናን መቀነስ ነው። ግን አብዛኛው ሰው ክራንች ሲገዛ እንዴት እንደሚይዘው የሚያሳየው የለም። በብብቱ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ከሳምንት በኋላ እጁ ይደነዝዛል፤ በብብት የሚያልፈው ነርቭ ስለተጫነ ነው።

ልክ አያያዙ እንዲህ ነው። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። የክራንቹ ራስና ብብታችሁ መሃል ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። መያዣው እጃችሁ ተንጠልጥሎ ሳለ አንጓችሁ ጋ ይድረስ። ክብደታችሁ የሚያርፈው መዳፋችሁ ላይ ነው። የክራንቹን ላይኛ ጫፍ ደረታችሁ ጎን ቆንጠጥ አድርጋችሁ ያዙት። ከታች ያለው ጎማ ካለቀ ለውጡት፤ በዝናብ ጊዜ ንጣፍ ላይ ያንሸራትታል።

ከዘራ ከሆነ የሚያዘው በጤነኛው እግር በኩል ነው። ቀኝ ጉልበት ከታመመ ከዘራው በግራ እጅ። ሰዎች ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም፤ ሁለት ዙር ከተራመዱ በኋላ ግን ልዩነቱን ራሳቸው ይነግሩኛል። ደረጃ ላይ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ የታመመው ይቅደም። ባጃጅ ስትሳፈሩ መጀመሪያ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ መቀመጫው ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ እግራችሁን አስገቡ። በታመመው እግር ቆሞ መሽከርከር ለጉልበት መጥፎ ነው። ሾፌሩን «ወንድሜ፣ ትንሽ ታገሰኝ» በሉት፤ ይታገሳችኋል።

ከፋርማሲ የትኛውን ማስታገሻ ልግዛ?

ቀላሉ ፓራሲታሞል ነው። ጤነኛ አዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊግራሙን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም። ጉበቱ የታመመ፣ አልኮል የሚያዘወትር ወይም ሰውነቱ የከሳ ሰው ከዚያም ያነሰ ነው የሚፈቀድለት፤ ሐኪም ይወስንለት።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጠንከር ያሉ ናቸው፤ ይረዳሉም። ችግሩ እኛ ጋ እንደ ከረሜላ መወሰዳቸው ነው። ጨጓራን ያደማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ደም ግፊትን ይጨምራሉ። የጨጓራ፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የግፊት ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይውሰድ። ነፍሰ ጡርም እንዲሁ።

አጥብቄ የምለምናችሁ ስለ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ነው። «ተአምር የሚሠራ መርፌ» ወይም «ትንሿ ኪኒን» እየተባሉ ያለ ማዘዣ ይወሰዳሉ። በማግስቱ ሕመሙ ጥፍት ይላል። እነዚህ ስቴሮይዶች ናቸው። በትክክለኛው ሕመም ላይ፣ በሐኪም እጅ፣ ሕይወት ያድናሉ። በዘፈቀደ ለወራት ሲወሰዱ ግን አጥንት ያሳሳሉ፣ ስኳር ያመጣሉ፣ ከላይ የነገርኳችሁን የዳሌ አጥንት መሞት ያስከትላሉ። ጉልበቴን ይሻለኛል ብሎ የጀመረ ሰው ዳሌውን ያጣል። ለረጅም ጊዜ ስትወስዱ ከቆያችሁ ደግሞ በራሳችሁ በድንገት አታቁሙ፤ እሱም አደገኛ ነው። ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቀንሳችኋል።

አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙ የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ያዛል፤ በተመረጡ ሰዎች ላይ ሕመሙ ቶሎ እንዲሻል ይረዳል። ከመጀመራችሁ በፊት ጥርስ ለማስነቀል አስባችሁ ከሆነ ወይም ለመውለድ እያቀዳችሁ ከሆነ ንገሩት።

ወንዶ ገነት ሄጄ ፍልውሃ ብገባስ?

እንደ ምክንያቱ ነው። ለቆየ የመገጣጠሚያ መበላትና ለጠዋት መተሳሰር ሙቀት ደስ ይላል። ጡንቻውን ያላላል፣ እንቅስቃሴን ያቀልላል። አጥንቱን ግን አይጠግንም። አዲስ ለተመታና ላበጠ ጉልበት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀዝቃዛ ነገር ይሻላል፤ በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ትኩሳት ያለው፣ መገጣጠሚያው ቀልቶ የሚያቃጥለው ሰው ፍልውሃ ሳይሆን ሆስፒታል ይሂድ። እግሩ የደነዘዘ የስኳር ታማሚ ደግሞ ውሃው እንደሚያቃጥል ሳይሰማው ሊላጥ ይችላል፤ ባይገባ እመርጣለሁ።

የአጥንት መረቅና መቅኔ መብላት መቅኔዬን ይጠግናል?

መረቁ ይጣፍጣል፣ ለታመመ ሰው ምግብ ነው። የበላችሁት መቅኔ ግን በሆድ ተፈጭቶ ስብ ሆኖ ነው የሚያልፈው፤ ተነስቶ ጉልበታችሁ ውስጥ አይገባም። ካልሺየም ከመረቅ የሚገኘው ጥቂት ነው።

አጥንት የሚፈልገው ካልሺየም፣ ፕሮቲንና ቫይታሚን ዲ ነው። አዋቂ ሰው በቀን ወደ 1,000 ሚሊግራም ካልሺየም ያስፈልገዋል፤ ከ50 ዓመት በላይ ያሉ ሴቶች ወደ 1,200። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ ይሰጣል። እርጎና አይብም ጥሩ ናቸው። ወተቱ ይፈላ። በፆም ለምትከርሙ ጎመን፣ ሰሊጥና ጤፍ አሉ፤ ጤፍ ከብዙዎቹ እህሎች የተሻለ ካልሺየም አለው። ቆጮ ያጠግባል፣ ፕሮቲኑ ግን ትንሽ ነው። ከቆጮ የሚሠራውን ቡርሳሜ በእርጎ መብላት ታዲያ ብልህ ልማድ ነው። ፆም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ምስር ጨምሩበት። ዓሣ እዚህ ከተማ ከሥጋ ይልቅ ቅርባችን ነው፤ የአሞራ ገደልን ዓሣ ለፕሮቲን እመክራለሁ፣ ብስሉን።

ቫይታሚን ዲ ከፀሐይ ነው። ፀሐይ ሞልቶ እጥረት እንዴት ይኖራል ትሉ ይሆናል። ጠዋት ገብቶ ማታ የሚወጣ የቢሮና የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ሰውነቱን ሸፍኖ የሚለብስ ሰው፣ ቤት የዋለች አራስ ፀሐይ አያገኙም። በመስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ ደግሞ ቫይታሚን ዲ አያስገኝም። እጥረት ከተጠረጠረ በደም ይመረመራል፤ ኪኒኑ መጠን አለውና በራሳችሁ አትክመሩት።

ለመገጣጠሚያ ተብሎ ስለሚሸጠው ግሉኮሳሚን ብዙ እጠየቃለሁ። ጥናቶቹ አይስማሙም። ገንዘቡ ከተረፋችሁ አልከለክልም፤ ከእንቁላልና ከወተት ወጪ የምትቀንሱለት ከሆነ ግን ተዉት።

ውሃችን መገጣጠሚያ ያደርቃል ይባላል። እውነት ነው?

በስምጥ ሸለቆ ለምንኖር ሰዎች ይህ ከባድና እውነተኛ ጥያቄ ነው። በአካባቢያችን ያሉ አንዳንድ ጉድጓዶች ውሃ ከፍተኛ ፍሎራይድ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በጣም ያለፈ ውሃ በልጅነቱ የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል። ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ላይ ይከማቻል፤ አንገትና ጀርባ ይደነድናል፣ መገጣጠሚያ አልታጠፍ ይላል። አዳማ አጠገብ የወንጂ ስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ የታየው የአጥንት ፍሎሮሲስ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው።

ይህ ከመቅኔ እብጠት የተለየ ሕመም ነው፤ ራጅ ላይም ይታያል። ሆኖም በጉድጓድ ውሃ ያደገ፣ ጥርሱ የበለዘና መላ ሰውነቱ የተሳሰረበት ሰው ይህን ለሐኪሙ ቢናገር ብዙ ድካም ይቀንሳል። ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም። ውሃው ሲተን ያለው ፍሎራይድ ይበልጥ ይጠነክራል። የሚረዳው ምንጩን መቀየር፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ወይም ለፍሎራይድ የተሠራ ማጣሪያ ነው። በተለይ ለሕፃናት።

«የጉልበትሽ ፈሳሽ አልቋል» ተብያለሁ። ይተካል?

አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው ፈሳሹ ሳይሆን የሳሳው ካርቲሌጁ ነው። እንዲያውም የተበላ ጉልበት ብዙ ጊዜ ትርፍ ፈሳሽ ይቋጥራል። የሳሳውን መልሶ የሚያበቅል ኪኒን የለም። ዙሪያውን ያለውን ጡንቻ ማጠንከር ግን ይቻላል፤ ሕመሙንም በእጅጉ ይቀንሳል።

ታዲያ ስፖርት ልሥራ ወይስ ልረፍ?

ሁለቱንም። የታመመውን አጥንት ከጫና አሳርፉ፤ ጡንቻችሁን ግን አታስተኙ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ጭን በሳምንታት ውስጥ ይከሳል፤ የከሳ ጭን ደግሞ ጉልበቱን ለብቻው ይተወዋል።

በክራንች ላይ ሆናችሁም የሚሠራ አንድ እንቅስቃሴ ላሳያችሁ። ፍራሽ ላይ እግራችሁን ዘርግታችሁ ተቀመጡ። ፎጣ ጠቅልላችሁ ከጉልበታችሁ ስር አድርጉ። አሁን ጉልበታችሁን ወደ ታች፣ ፎጣው ላይ ተጫኑ። ጭናችሁ ከላይ ጥርቅም ሲል በእጃችሁ ዳብሳችሁ ታገኙታላችሁ። የጉልበታችሁ ሎሚ ወደ ላይ ሳብ ይላል። እስከ 5 ቁጠሩና ልቀቁ። 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር። ትንፋሻችሁን አትያዙ። ይህን ያለ ሕመም ስትችሉ እግሩን ቀጥ አድርጎ አንድ ክንድ ያህል ማንሳት ይከተላል። ከዚያ ከወንበር በእጅ ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ። ወንበሩ ከፍ ይበል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ታደርጉታላችሁ።

መለኪያው ይኸው። ሕመምን ከ0 እስከ 10 ብትቆጥሩት፣ እየሠራችሁ እስከ 3 ቢደርስ ችግር የለውም፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ካልተመለሰ አብዝታችኋል፤ በግማሽ ቀንሱ።

መራመድ ሲፈቀድላችሁ ፍቅር ሐይቅ ዳር ያለው ሜዳ መንገድ ጥሩ ነው። ታቦር ተራራን ለኋላ አቆዩት፤ መውጣቱ ልብን ቢጠቅምም መውረዱ ጉልበትን በጣም ይጫናል። ብስክሌት ከሩጫ ቀድሞ ይጀመራል። ክብደት ለበዛባችሁ ደግሞ አንድ የሚያበረታ ቁጥር አለ፦ ከሰውነታችሁ 1 ኪሎ ሲቀንስ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 4 ኪሎ ይቀንሳል።

ስግደት፣ ምጣድ፣ መጸዳጃ... እንዴት ላድርግ?

የእኛ ኑሮ ዝቅ ያለ ነው። በርጩማ ላይ ቡና ይፈላል፣ ቁጢጥ ተብሎ እንጀራ ይጋገራል፣ መጸዳጃው ቁጢጥ ያስብላል። ጉልበት ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ ጫናው ከፍ ይላል። ስለዚህ ለጥቂት ወራት ቤቱን ከፍ አድርጉት። ምጣዱን ጠረጴዛ ላይ አውጡት፤ ቆሞ ወይም ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጋገራል። ለመጸዳጃ መሃሉ የተቆረጠ ወንበር ማንኛውም እንጨት ሠራተኛ ይሠራላችኋል። ለስግደትና ለሰላት የሃይማኖት አባቶቻችሁን ጠይቁ፤ ለታመመ ሰው ቆሞ ወይም ወንበር ላይ ሆኖ መጸለይ እንደሚፈቀድ ይነግሯችኋል። እናቶቻችን ግን ይህን እሺ አይሉም። «እኔ ተቀምጬ ልስገድ?» ይላሉ። ልጆች በጭቅጭቅ ሳይሆን ወንበሩን ራሳችሁ አቅርባችሁ፣ አጠገባቸው ተቀመጡ።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ዳሌዬ በድንገት መራመድ ከለከለኝ። የተለመደ ነው?

የወገብና የዳሌ ሕመም በእርግዝና የተለመደ ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ግን እግር መርገጥ እስኪያቅት ድረስ አንዱን ዳሌ ከያዘ ጊዜያዊ የአጥንት መሳሳት ሊሆን ይችላል። ብዙ አይገጥምም። ከወሊድ በኋላ በወራት ውስጥ ይለቃል። እስከዚያ ግን አጥንቱ እንዳይሰበር በክራንች መሄድ ያስፈልጋል፤ ለክትትል ሐኪምሽ ዛሬውኑ ንገሪ።

መቼ ነው ሳልውል ሳላድር ሆስፒታል የምሄደው?

ትኩሳት ኖሮ መገጣጠሚያው ከቀላና ካቃጠለ። እግር ጨርሶ መርገጥ ካቃተ። የጀርባ ሕመም ላይ እግር መዛል ወይም ሽንት አለመቆጣጠር ከተጨመረ። ትኩሳት ያለው ልጅ እጁን ወይም እግሩን አላንቀሳቅስም ካለ፤ ልጆች ላይ የአጥንት ኢንፌክሽን ይፈጥናል። ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ።

ለቀጠሮ ምን ይዤ ልሂድ?

ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን የኤምአርአዩን ፊልም ወይም ሲዲ ያዙ፤ የአጥንት ሐኪሙ ምስሉን በራሱ ዓይን ማየት ይፈልጋል። የድሮ ራጃችሁም ካለ አትጣሉት። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ስሙን የማታውቁትንም፣ ከነማሸጊያው በፌስታል አድርጉ። ከፋርማሲ የተወጋችሁትን መርፌና ከወጌሻ የተቀባችሁትንም ሳታፍሩ ንገሩት።

ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የእብጠቱ ምክንያት ምን ይመስልዎታል? እግሬን ምን ያህል ልጫነው፣ እስከ መቼ? ካልተሻለኝ መቼ ልመለስ? ድጋሚ ኤምአርአይ ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ ሕመሙ እየቀነሰ ከሆነ ምስሉ ከሕመሙ ዘግይቶ ነው የሚጠራው። መልሱን ወረቀት ላይ ያስጽፉ ወይም ስልካችሁ ላይ ጻፉት፤ የሥራ ቦታችሁ ከባድ ሥራ እንዳትሠሩ የሚል ማስረጃ የሚፈልግ ከሆነም እዚያው ጠይቁ። ለማስረጃ ብቻ ሌላ ቀን መመላለስ ለታመመ እግር ይከብዳል።